የወጥ ቤት ፍሳሽና የጎረቤት መብት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ስለ ታሪክ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ግብርና ሲነገር መስማት የለመደ ጆሮ፣ ዛሬ ስለ ወጥ ቤት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ መዘጋት ሲነገር ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን በልቶ ዕቃ የማያጥብ ቤት ስለሌለ፣ የዕቃው እጣቢ የሚወርድበት ቱቦ የሁላችንም ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ሲደክም የዋለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ገንዳው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ቅባት የተንሳፈፈበት ውሃ አልወርድም ብሎ ቢቆየው፣ በዚያች ሰዓት ከዚህ የሚበልጥ አስቸኳይ ጉዳይ በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም።

እንግዲህ ዛሬ ሦስት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ቱቦው ስለ ምን ይዘጋል? ሁለተኛ፣ የተዘጋውን ያለ አደጋ እንዴት መክፈት ይቻላል? ሦስተኛ፣ በቱቦው የሰደድነው ነገር ወዴት ይደርሳል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይልቅ የሚከብድ ስለሆነ ለመጨረሻ አቆይተነዋል።

አስቀድሞ ስለ ከተማችን ጥቂት ማለት ይገባል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የንግዷ እንብርት በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት፣ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት የቧንቧ ውሃ ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ተደንቆ ነበር። ከዚያም የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፣ የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ ዓመታት ተሠርተው ከተማዋን ውሃ አጠጧት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ውሃ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ሁልጊዜ አድናቂና መራቂ ሲኖረው፣ ውሃ ከቤት የሚወጣበት መንገድ ግን አስታዋሽ አጥቶ ኖሯል። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ነው። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ የጀመረውም በ1970ዎቹ ዓመታት፣ ማለት ከተማዋ ከተቆረቆረች ወደ መቶ ዓመት ሲጠጋ ነው።

በአራዳ ግቢዎች የነበረውን ኑሮ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። በርካታ ቤተሰብ በአንድ የጋራ ቧንቧ ይጠቀም፣ ዕቃውም በሳፋ ይታጠብ፣ እጣቢውም ከደጅ ወዳለው ቦይ ይደፋ ነበር። ይህ አኗኗር ለጤና የሚስማማ ነው የሚል የለም። ሆኖም አንድ እውነተኛነት ነበረው። ቅባቱ በቦዩ ዳር ሲረጋ፣ ፍርፋሪውን ወፍና ውሻ ሲለቅመው ሁሉም ሰው በዐይኑ ያይ ነበር። የደፋውም ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ ስለነበር፣ ከጎረቤት ደጅ እንዳይደርስ ይጠነቀቅ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በፒያሳና በአካባቢዋ ከነበሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው፣ ነዋሪዎቻቸው ወደ ልዩ ልዩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛወሩ። ከሳፋ ወደ ገንዳ፣ ከቦይ ወደ ቱቦ ተሸጋገርን ማለት ነው። የቤት ዕቃችን በመኪና ሲጫን ግን ልማዳችንም አብሮ ተጫነ። በቦይ ሲደፋ የኖረው ሁሉ አሁን ጠባብ በሆነ ቱቦ ይሰደዳል፤ ከዐይን ስለተሰወረም የጠፋ ይመስለናል።

አሁን ወደ ቱቦው እንግባ። ፒያሳ የሚለው ስም ከጣልያንኛ የመጣና አደባባይ ማለት እንደሆነ ይታወቃል። የቧንቧ ሠራተኛውም አነጋገር እስከ ዛሬ ከዚያው ቋንቋ አልተለየም፤ ቱቦ፣ ሲፎን፣ ላቫንዲኖ፣ ፒንሳ ይላል። ከእነዚህ መካከል ማንኛውም የቤት ባለቤት ሊያውቀው የሚገባው ሲፎን የተባለው ነው። ይህም ከገንዳው ሥር እንደ ታጠፈ ክርን ሆኖ የተሠራው የቱቦ ክፍል ነው። በማጠፊያው ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ተቋጥሮ ይቀራል። ያ ውሃ ከፍሳሹ መስመር የሚመጣውን ክፉ ሽታና አየር ወደ ቤት እንዳይገባ እንደ ዘበኛ ሆኖ ይከለክላል። ይህን የታጠፈ ቱቦ ለመጸዳጃ ቤት ሥራ ላይ አውሎ የፈጠራ መብት ያገኘው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 ዓ.ም.፣ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ እስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሰው ለብዙ ጊዜ ያልኖረበት ቤት የሚሸተውም ይህ ውሃ ስለሚደርቅ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢያፈሱበት ሽታው ይቀራል። ነገር ግን ውሃ የሚቋጠርበት ሥፍራ ዝቃጭም የሚቋጠርበት ስለሆነ፣ መዘጋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የመዘጋቱ ምክንያት በአብዛኛው ሦስት ነው።

አንደኛው ቅባት ነው። ቂቤ ከሰው ገላ ሙቀት በጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል፤ የበሬና የበግ ሞራ ግን ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ስለሆነች፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቱቦውም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ማታ በሙቅ ውሃ ቀልጦ የወረደው የዶሮ ወጥ ቅባት ጥቂት ክንድ ሳይርቅ ከቱቦው ግድግዳ ላይ ይረጋል። በማግሥቱ ሌላ ይደረብበታል።

ሁለተኛው ሊጥ ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሁሉ አብሲት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከቡሃቃው የተቀነሰው ሊጥ በፈላ ውሃ ላይ ሲጨመር ወዲያው ይወፍራል። የቡሃቃ እጣቢም በቱቦ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሲከተለው የሚሆነው ይኸው ነው። በቱቦ ውስጥ አብሲት እንደ መጣል ይቆጠራል። ስለዚህ ሊጥ የነካው ዕቃ መጀመሪያ ተጠርጎ፣ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ይገባዋል።

ሦስተኛው በውሃ የማይሟሟ ደቃቅ ነገር ነው። የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ ሩዝ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ እንዲሁም ብረት ድስት የሚፈተግበት አመድና አሸዋ ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ ብቻቸውን ቢሆኑ ውሃው ገፍቶ ሊወስዳቸው ይችል ነበር። ከረጋ ቅባት ጋር ሲገናኙ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ። ጭቃና ጭድ ተደባልቀው የአራዳን ቤቶች ግድግዳ ለብዙ ዘመን እንዳቆሙ ሁሉ፣ ቅባትና አተላም ተደባልቀው በቱቦው ውስጥ ምርጊት ይሠራሉ።

ታዲያ ገንዳው በተዘጋ ጊዜ ምን ይደረጋል? ሥራው ቅደም ተከተል አለው።

በመጀመሪያ መመርመር ይገባል። የተዘጋው የወጥ ቤቱ ገንዳ ብቻ ነውን? ወይስ የመታጠቢያ ቤቱም ውሃ እያንቋረረ ይመለሳል? ሁሉም አብሮ ከታወከ እንቅፋቱ ያለው በጋራው መስመር ላይ ስለሆነ፣ በገንዳው ላይ መድከም ዋጋ የለውም። ፎቅ ቤት ከሆነ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ውሃ እንዳያፈሱ ተነግሯቸው፣ ባለሙያ ሊጠራ ይገባል።

የተዘጋው ገንዳው ብቻ ከሆነ፣ የቆመውን ውሃ በጣሳ ቀድቶ በባልዲ ማጠራቀም፣ በአፉ ላይ የተጠራቀመውንም ፍርፋሪ በእጅ ማንሣት ነው። ውሃው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አፍስሶ ሙቅ ውሃ ማስከተል ይረዳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ለብረት ቱቦ ምንም አይደለም፤ የዛሬውን የፕላስቲክ ቱቦና መጋጠሚያውን ግን ሊያለሰልሰውና ሊያጣምመው ይችላል። ስለዚህ ለፕላስቲክ ቱቦ የሞቀ እንጂ የፈላ ውሃ አይፈስም። ሙቅ ውሃ ቅባቱን ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ እንደማያጠፋውም መዘንጋት የለበትም።

ይህ ካልበቃ የእንጨት እጀታ ባለው፣ እንደ ጽዋ በተሠራው ጎማ መግፋት ነው። ብዙ ሰው ጎማውን በደረቅ ገንዳ ላይ እየመታ ይደክማል። ውሃው ጎማውን እስኪሸፍን ድረስ በገንዳው ውስጥ መኖር አለበት። በገንዳው ጎን ትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለ፣ ገንዳውም ሁለት ክፍል ከሆነ፣ ሌላው ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ መወተፍ ይገባዋል፤ አለዚያ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ጊዜ ሳያቋርጡ ወደ ታች መግፋትና ወደ ላይ መሳብ፣ በመጨረሻም በኃይል መንቀል ነው። እንቅፋቱን የሚነቀንቀው መግፋቱ ብቻ ሳይሆን መሳቡም ነው።

ይህም እንቢ ካለ ሲፎኑን መፍታት ነው። ባልዲ ከሥሩ ይደረጋል፤ የሁለቱ ጫፎች ማጥበቂያ በእጅ ወይም በመፍቻ ቀስ ብሎ ይላላል። የጎማ ቀለበቶቹ እንዳይጠፉ ለብቻ ይቀመጣሉ። ሲፎኑ በአሮጌ ብሩሽ ተፍቆ ይጸዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ የተፈታውን ሲፎን በዚያው ገንዳ ውስጥ ሊያጥብ ቧንቧውን ሲከፍት ነው፤ ውሃው በቀጥታ ከእግሩ ላይ ይወርዳል። ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ እንቅፋቱ ያለው ከግድግዳው ውስጥ ነውና፣ ጠምዛዛ የቧንቧ መጥረጊያ ሽቦ እያዞሩ ማስገባት ያስፈልጋል።

ክቡራን አድማጮች፤ አሁን የምንናገረውን በልዩ ጥንቃቄ እንድታዳምጡ እንለምናለን።

ብዙ ሰው ጎማና መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ቱቦ የሚከፍት ኬሚካል ለመግዛት ይቸኩላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ካውስቲክ ሶዳ ያለባቸው ናቸው። ካውስቲክ ሶዳ ውሃ ሲነካው በኃይል ይሞቃል፤ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዐይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል። ቱቦው ፈጽሞ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ኬሚካሉ መውረጃ ስለማያገኝ በገንዳው ውስጥ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ በጎማ የሚገፋው ሰው የሚረጨው ውሃ ሳይሆን እሳት ነው። ከዚህም የሚብሰው መደባለቅ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ከአቼቶም ጋር ቢሆን፣ ሲገናኝ ክሎሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። መስኮት በሌለው ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ለሳንባ እጅግ አደገኛ ነው።

በየቤቱ ይህን ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነ እናስብ። አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ጌታ ወይም እመቤት አይደሉም። ከገጠር የመጣች፣ በጠርሙሱ ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ የማትችል የቤት ሠራተኛ ናት። «ይህን አፍስሽበት» ብሎ አዝዞ ወደ መሥሪያ ቤት መሄድ ቀላል ነው። ነገር ግን አዛዡ ራሱ ሊነካው የሚፈራውን ነገር ያለ ጓንትና ያለ ማብራሪያ በሌላ ሰው እጅ ላይ ማኖር ከነውርም አልፎ በደል ነው። አደጋው ከደረሰ፣ የተነካው አካል ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ሃያ ደቂቃ ያህል መታጠብ፣ ከዚያም ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ባለሙያ ሲጠራም በቱቦው ውስጥ ኬሚካል መኖሩን አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው።

ሶዳና አቼቶ ደባልቆ ማፍሰስ ይበጃል የሚባለው ግን ጉዳት ባይኖረውም ጥቅሙ ትንሽ ነው። አረፋው ያስገርማል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተጣፍተው የሚቀረው ግን ከውሃ ብዙም ያልተለየ ነገር ነው። ድምፁ ብዙ ሆኖ ውሳኔው ጥቂት የሆነ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

በውጭ አገር፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ ልጆች ወይም ዘመዶች ያሏችሁ አድማጮች፣ ከገንዳው ሥር ተገጥሞ የምግብ ትርፍራፊ ስለሚፈጭ መኪና ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ይህን መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. የፈለሰፈው በዊስኮንሲን ግዛት በራሲን ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ሐምስ የተባለ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው በውስጡ ቢላዋ የለም። የሚሽከረከር የብረት ሳሕን ትርፍራፊውን ሻካራ ወደሆነ ቀለበት እየወረወረ ያደቅቀዋል። አጥንት፣ የጎመን ግንድና ብዙ እንጀራ ግን ይህንንም ያቆሙታል። በቆመ ጊዜ እጅን ፈጽሞ ማስገባት አይገባም። አስቀድሞ የኤሌክትሪኩ ኃይል ከቆጣሪው ሳጥን ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ከመኪናው ሥር ባለው ቀዳዳ ቁልፉን አግብቶ ወዲያና ወዲህ ማዞር፣ በመጨረሻም ከሥሩ ያለውን ቀይ መጫኛ መጫን ነው። የኒው ዮርክ ከተማ የፍሳሽ መስመሮቿን ፈርታ ይህን መኪና በብዙው ክፍሏ ለዘመናት ከልክላ ከቆየች በኋላ የፈቀደችው በ1997 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መፍጨት ማለት ማጥፋት አለመሆኑን ነው። የተፈጨው ነገር ሄዶ የሚያርፍበት ሥፍራ ያስፈልገዋል።

እነሆ፣ በዚህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። የሰደድነው ወዴት ይደርሳል?

መጀመሪያ የሚደርሰው ከጎረቤት ዘንድ ነው። በፎቅ ቤት የየወጥ ቤቱ ፍሳሽ በአንድ ቀጥ ያለ ቱቦ ይገናኛል። ከአራተኛው ፎቅ ቅባት የሚያፈስ ሰው፣ ውሃው ሳይከለከል ስለወረደለት ደስ ይለዋል። ቅባቱ ግን ከታች፣ ቱቦው ከሚታጠፍበት ዘንድ ይጠራቀማል። በመጨረሻም መስመሩ ሲዘጋ፣ ከምድር ቤት የሚኖረው ሰው ያልበላው ወጥ ቅባት ከገዛ ገንዳው ሲፈልቅ ያያል። ምናልባትም በምድር ቤት የሚኖሩት ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሽማግሌ ወይም አካል ጉዳተኛ ይሆናሉ። ያልበደለ ሰው የበዳዩን ዕዳ የሚከፍልበት እንዲህ ያለ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከጎረቤት አልፎ የሚደርሰው ወደ ከተማው መስመር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ ዋይትቻፕል በተባለው ሠፈር ምድር ሥር፣ ቅባትና ጨርቅ ተጣብቀው የሠሩት 250 ሜትር የሚረዝምና 130 ቶን የሚመዝን ክምር ተገኝቶ፣ ሠራተኞች ለሳምንታት ሲቆፍሩት ሰንብተዋል። እጅግ የበለጸገ ከተማ እንኳ ከዚህ አላመለጠም።

ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ወይም ሞልቶ የፈሰሰው ደግሞ የሚወርደው ወደ ወንዞቻችን ነው። ከራስ መኰንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ሌሎችን ወንዞች እየተቀላቀለ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመንገዱም ዳር አትክልተኞች በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያለማሉ፤ ያም ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ስለዚህ በገንዳችን ተሰናብተነው የሄደው ነገር በሌላ መልክ ከገበታችን ላይ ሊመለስ ይችላል።

«እንግዲያው ትርፍራፊውን ሁሉ ወደ ቆሻሻ መጣያ እናድርገው» የሚል ይኖራል። ከቱቦው ይልቅ በርግጥ ይሻላል። ነገር ግን ቆሻሻም ክብደት አለው፤ የሚያርፈውም ከሰው አጠገብ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሕይወት ያለፈበትን ቀን የረሳ የአዲስ አበባ ነዋሪ አይኖርም። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ትርፍራፊውን ከምንጩ ማሳነስ ነው።

ይህም ገንዘብ አይጠይቅም። በገንዳው አፍ ላይ ትንሽ ወንፊት ማኖር፤ ድስትና ሳሕን ከመታጠቡ በፊት ቅባቱን በወረቀት ወይም በእንጀራ ቁራሽ መጥረግ፤ የተረፈ ዘይት በጣሳ አጠራቅሞ ሲረጋ ወይም በወረቀት ከተመጠጠ በኋላ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ማውጣት፤ የቡና አተላ፣ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ከአፈር ጋር አብላልቶ ለአበባና ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ማድረግ። ለዚህ ሁሉ በቀን ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በጋራ ሕንፃ ለሚኖሩ ግን የአንድ ቤት ትጋት ብቻውን አይበቃም። አሥራ ዘጠኙ ቤት ቢጠነቀቅ ሃያኛው ቱቦውን ይዘጋዋል። እኛ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ለመትከል ዕድር ያቋቋምን፣ ገንዘብ ለማጠራቀም ዕቁብ የምንጥል ሕዝብ ነን። እንግዲያስ የአንድ ደረጃ ነዋሪዎች በወር አንድ ቀን ተሰብስበው ስለ ጋራ ቱቧቸው ቢመክሩ፣ ለማስጠረጊያም ጥቂት ገንዘብ ቢያዋጡ፣ ከልማዳችን የሚወጣ አይሆንም። መሥሪያ ቤት የለመድነው የደንብ አክባሪነትም ከቢሮው በር ላይ ቀርቶ መግባት የለበትም። በጠረጴዛው ላይ የቆመ መዝገብ የባለጉዳይን ሥራ እንደሚያጉላላ የሚያውቅ ሰው፣ በቱቦው ውስጥ የቆመ ቅባት የጎረቤቱን ኑሮ እንደሚያጉላላ ማወቅ አያቅተውም።

የአራዳ ልጅ ማለት ዛሬ ብልህና ንቁ ማለት ሆኗል። ብልህነቱ ግን እጣቢውን ከገዛ ዐይኑ በመሰወር አይለካም። ከእርሱ በታች ማን እንደሚኖር ማሰብ ሲችል ነው አራዳ የሚባለው።

ክቡራን አድማጮች፤ ዛሬ ማታ ገንዳችሁን ከመጠቀማችሁ በፊት ሥሩን ከፍታችሁ ሲፎኑን ተመልከቱ፤ ውሃውም በስንት ጊዜ እንደሚወርድ ልብ በሉ። መውረዱ የዘገየ እንደሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ጥረጉት።